«ተያዥ አለህ?» የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች የተላኩት ከአራት ኪሎ፣ ከመርካቶ፣ ከልደታና ከፒያሳ ነው፤ ጉዳያቸው ግን ገጠር ነው። የጻፉልን ከአገር ቤት መጥተው ሥራ ያጡ ወጣቶችና ታናናሾቻቸው ሊመጡባቸው የተነሱባቸው ሰዎች ናቸው። መልሶቹን ያዘጋጁት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ፣ የመስኖ እርሻና የሙያ ሥልጠና ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ደብዳቤዎቹን አሳጥረን የጸሐፊዎቹን ስም አስቀርተናል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 21 ነው፤ የመጣሁት ከምሥራቅ ጎጃም ነው። 12ኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት አልመጣልኝም። አሁን ሕንፃ ሥራ ላይ የቀን ሥራ እሠራለሁ፤ እሱም ሲገኝ ነው። አራት ኪሎ የሚለጠፉትን ማስታወቂያዎች በየጊዜው አነባለሁ፤ ጥበቃም ሆነ ሽያጭ ወይም መስተንግዶ ሁሉም «ተያዥ ማቅረብ የሚችል» ይላል። በዚህ ከተማ የማውቀው የአክስቴን ልጅ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለመፈረም ይፈራል። መታወቂያዬም የአገር ቤት ነው። ከየት ልጀምር? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ መጀመሪያ ስለ ውጤቱ አንድ ነገር እንበልህ። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። እንዲህ ባለ ፈተና የወደቀ ልጅ «ሰነፍ ነኝ» ብሎ አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለም። አንተን ከሥራ የለየህ የጉልበትህ ወይም የጭንቅላትህ ማነስ አይደለም፤ ወረቀትና ዋስ ነው። ሁለቱም መላ አላቸው።

ከወረቀቱ እንጀምር። የአዲስ አበባ የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞ ቀበሌህ መሸኛና የሚያስመዘግብህ ቤት ስለሚያስፈልግ ጊዜ ይወስዳል። እሱን እየጠበቅህ አትቀመጥ፤ አስቀድመህ ፋይዳ ተመዝገብ። ፋይዳ የአገር አቀፍ መታወቂያ ስለሆነ የአዲስ አበባ ነዋሪ መሆን አይጠበቅብህም፤ ምዝገባውም በነፃ ነው። የጣት አሻራህ፣ የዓይንህ ምስልና ፎቶግራፍህ ይወሰዳል። እዚህ ላይ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት በስም አጻጻፍ ነው። ሰርተፊኬትህ ላይ «ኃይለማርያም» ተብለህ ፋይዳ ላይ «ኃ/ማርያም» ከተባልህ፣ ወይም የአያትህ ስም በአንዱ ወረቀት ላይ ከተለወጠ፣ ባንክ ሒሳብ ስትከፍትም ስትቀጠርም «ይህ ሌላ ሰው ነው» ትባላለህ። ስለዚህ ስትመዘገብ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬትህን በእጅህ ያዝ፤ ፊደል በፊደል እንደዚያ እንዲጻፍ አድርግ፤ የእንግሊዝኛውንም አጻጻፍ አስተያይ። መዝጋቢው ሳያስተላልፈው በፊት ማያ ገጹን እንዲያሳይህ መጠየቅ መብትህ ነው። መሸኛውን በተመለከተ ቤተሰብህ አገር ቤት ሆነው እንዲጠይቁልህ ዛሬውኑ ደውል፤ ራስህ ለዚያ ብለህ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ከምታወጣ ይሻላል።

አሁን ወደ ተያዡ። የአክስትህ ልጅ መፍራቱ ትክክል ነው። ብዙ አሠሪዎች የሚያስፈርሙት ቅጽ «ለሚደርሰው ጉድለት ሁሉ ኃላፊ ነኝ» የሚል ነው። መጠን የሌለው ዋስትና ማንንም ያስፈራል። ሕጉ ግን ይህን አይቀበልም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1922 የዋስትና ውል በግልጽ መደረግ እንዳለበትና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈበት ፈራሽ እንደሆነ ይደነግጋል። በጽሑፍ መሆን እንዳለበትም ቁጥር 1725 ይናገራል። እንግዲህ የአክስትህ ልጅ ዘንድ ስትሄድ «ፈርምልኝ» ብለህ ባዶ እጅህን አትሂድ። ይህን የመሰለ ጽሑፍ ይዘህ ሂድ፦

«እኔ … አቶ … በ… ድርጅት በጥበቃ ሥራ ላይ ሳለ በራሱ ጥፋት ለሚያደርሰው ጉድለት እስከ ብር 15,000 (አሥራ አምስት ሺህ) ድረስ ብቻ ዋስ ሆኛለሁ። ይህ ዋስትና የሚጸናው ከ… ቀን እስከ … ቀን ነው።»

መጠኑ እንደ ሥራው ይለያያል። ለጥበቃና ለመስተንግዶ የሦስት ወር ደመወዝ ያህል ብሎ መነጋገር ይቻላል፤ ዕቃ ለምትሸጥበት ሱቅ አሠሪው ከፍ ያለ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ዋሱ በተለይ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ቃል አለ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ቅጹ ላይ ካለ፣ አሠሪው አንተን ሳይነካ በቀጥታ ዋሱን መክሰስ ይችላል። ያ ሐረግ ከሌለ ግን ዋሱ «መጀመሪያ የዋናው ባለዕዳ ንብረት ይታይ» ብሎ መከራከር ይችላል። አሠሪው ሐረጉን እንዲያወጣው ጠይቁ፤ ባይሆን የገንዘቡ ጣሪያ ዝቅ ይበል።

አብዛኛውን ጊዜ አሠሪው የሚፈልገው ደመወዝተኛ ተያዥ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዙን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የመታወቂያ ቅጂና ፎቶ ይጠይቃል። የአክስትህ ልጅ በግሉ የሚሠራ ከሆነ የንግድ ፈቃዱን ቅጂ የሚቀበሉ አሉና ሳትጠይቅ ተስፋ አትቁረጥ። ሌላው ምንጭ የአገርህ ልጆች ማኅበር ወይም ዕድር ነው፤ ከአንድ ወረዳ የመጡ ሰዎች እየተሰባሰቡ ከመካከላቸው ደመወዝተኛ የሆነው በተራ ዋስ የሚሆንባቸው አሉ። ደላላ «በገንዘብ ተያዥ አቀርብልሃለሁ» ካለህ ግን ሽሽ። ያ ተያዥ የማታውቀው፣ ሐሰተኛ የደመወዝ ደብዳቤ ያቀረበ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሲደረስበት በሐሰተኛ ሰነድ የምትጠየቀው አንተ ነህ።

ዋሶች ለጣጣ የሚዳረጉት በአብዛኛው በስርቆት አይደለም፤ ርክክብ ባለመኖሩ ነው። የመጋዘን ጠባቂ ሆነህ ሌሊት ስትገባ በውስጡ ስንት በርሜል፣ ስንት ጥቅል ብረት እንዳለ የማታውቅ ከሆነ፣ ከወር በኋላ «ሦስት ጎደለ» ሲባል የምትመልሰው የለህም። ስለዚህ ተረኛ በተቀያየረ ቁጥር የተቆለፈው ቁልፍ፣ የታሸገው በር፣ ውጭ ያደረው ዕቃ በደብተር ይጻፍ፤ ተረካቢም አስረካቢም ይፈርሙ። አሠሪው ደብተር ከሌለው አንተ ገዝተህ ጀምር።

ከተቀጠርህ በኋላ የምትሠራበት ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ውሉ በቃል ቢሆንም እንኳ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነትና ደመወዙን የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጥህ ይገባል። መደበኛ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ጥበቃ ላይ 12 ሰዓት ማሠራት የተለመደ ነው፤ ትርፍ ሰዓቱ ግን መከፈል አለበት። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ደመወዝህ 5,200 ብር ቢሆን ለ208 ስታካፍለው የሰዓት ክፍያህ 25 ብር ይሆናል። ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ነውና 37.50 ብር፤ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ ማለትም 43.75 ብር፤ በሳምንት ዕረፍትህ ቀን 50 ብር፤ በሕዝብ በዓል 62.50 ብር። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ለጎደለ ዕቃ ተብሎ ከደመወዝህ ቢቆረጥም በወር ከደመወዝህ አንድ ሦስተኛ ሊያልፍ አይችልም።

ለአሁኑ የቀን ሥራህም የሚሆን ምክር አለን። ቀን ሠራተኛ የሚከለከለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በካቦው ደብተር ላይ ነው። የራስህን ማስታወሻ ያዝ፦ ቀኑ፣ የገባህበትና የወጣህበት ሰዓት፣ የሠራኸው (ብሎኬት ማቀበል፣ አርማታ፣ ቁፋሮ)፣ አብሮህ የነበረ ሰው ስም። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ «ፕሮጀክቱ ሲያልቅ በአንድ ላይ ይከፈልሃል» የሚል ቃል ይዘህ ዓመት አትጠብቅ። በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ሠራተኛ ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ክሱን የሚጽፍልህ ካጣህ ስድስት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ አለ፤ ከአንተ ሰፈር በእግር ይደረሳል።

ጥያቄ፦ መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው የምሠራው። ቤተሰቦቼ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ገበሬዎች ናቸው። አባታችን ያለው መሬት ሦስት ጥማድ ነው። ሁለት ወንድሞቼ፣ አንዱ 20 አንዱ 23 ዓመቱ፣ «እኛም አዲስ አበባ እንምጣ» እያሉ ነው። እኔ ደግሞ እዚህ ያለውን ስለማውቅ አልወደድኩትም። 60,000 ብር አጠራቅሜአለሁ፤ ቢኖራቸው እዚያው ምን ሊሠሩበት ይችላሉ? ገንዘቡ እንዳይበላብኝ እፈራለሁ። (ከመርካቶ)

መልስ፦ እንደ እርስዎ ያሉ ታላላቆች የላኩት ገንዘብ ስንቱን ልጅ አገሩ ላይ እንዳቆመ እናውቃለንና ጥያቄዎ አስደስቶናል። ስጋትዎም ተገቢ ነው። ገንዘቡ የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ በስንፍና አይደለም፤ ወቅቱ ካለፈ በኋላ ስለሚደርስና በአንድ ምርት ላይ ሙሉ በሙሉ ስለሚፈስ ነው።

ወንድሞችዎ ለምን እንደተቸገሩ ልብ ይበሉ። በአማራ ክልል የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የተደረገው በ1989 ዓ.ም ነው። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ እንኳ ዛሬ ሠላሳ ዓመት እየተጠጋው ነው፤ ከዚያ በኋላ የተወለደው ሁሉ የሚጠብቀው ውርስን ወይም ስጦታን ነው። ሦስት ጥማድ (በአንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ያህል ብንይዝ ሦስት ሩብ ሄክታር) ለሁለት ወንዶች ቢከፈል ማሽላና ማሾ ዘርቶ ጎጆ አያስወጣም። መስኖ ካለ ግን አንድ ጥማድ ብቻውን የአንድ ሰው ሥራ ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላና መስኖ ለምዶ የኖረ አገር ስለሆነ የምንመክረው ቀይ ሽንኩርት ነው፤ ግን እንደሚከተለው በልክ።

መጀመሪያ መሬቱ። ከአባትዎ መሬት አንዱን ጥማድ ቢወስዱ ጥሩ ነው፤ ካልሆነ ማረስ ካልቻሉ አዛውንት ወይም መበለት በኮንትራት መያዝ ይቻላል። የእኩል ከሆነ ምርቱ ለሁለት ስለሚከፈልና ግብዓቱን ማን እንደሚያወጣ ጠብ ስለሚያስነሳ፣ ለሽንኩርት የገንዘብ ኪራይ ይሻላል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ በአረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ ስማቸው ያለ ሁሉ ይፈርሙበት፣ ባልም ሚስትም፤ ከዚያ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ያልተመዘገበ ውል ላይ ሽንኩርቱ አምሮ ሲታይ «መሬቴን ልቀቅ» የሚል ነገር ይመጣል።

ቀጥሎ ጊዜው። ለፋሲካ ገበያ እንዲደርስ ችግኝ የሚፈላው በጥቅምት አጋማሽ ነው። ለዶሮ ወጥ የሚገባውን ሽንኩርት የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። በታኅሣሥ መጀመሪያ ይተከላል፤ በመጋቢት መጨረሻ ይነሣል። ስለዚህ ገንዘቡ በመስከረም እጃቸው ላይ መግባት አለበት። በኅዳር የሚላክ ገንዘብ ለሌላ ነገር ይዋል እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ለአንድ ጥማድ 1 ኪሎ ዘር ይበቃል፤ ቦምቤ ሬድ የሚባለው ቶሎ የሚደርስና በገበያው የሚታወቅ ነው። የሽንኩርት ዘር ከዓመት በላይ ከቆየ የመብቀል አቅሙ እጅግ ይወርዳል፤ ነጋዴ ደግሞ የአምናውን በአዲስ ጣሳ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ ሙሉውን ከመግዛት በፊት ጥቂት ገዝተው 100 ፍሬ ይቁጠሩ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በጥላ ያኑሩት፤ ጨርቁ አይድረቅ። በ10 ቀን ውስጥ ከ70 በታች ከበቀለ ያንን ዘር አይግዙ። ይህን ፈተና የዘለለ ገበሬ ችግኝ ጎድሎት ግማሹን መሬት ባዶ ሲተው ይታያል።

መደቡ ስፋቱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ይሁን፤ 1 ኪሎው በ20 መደብ ላይ ይዘራል፣ በመስመር፣ በመስመሮቹ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር። በሣር ይሸፈን፤ ሲበቅል ሣሩ ይነሣ። ከ45 እስከ 55 ቀን ሲሆነው፣ እርሳስ ሲያክል ይነቀላል። ሲተከል ውኃ በሚሄድበት ቦይ 40 ሳንቲ ሜትር፣ በመደቡ ላይ ባሉት ሁለት መስመሮች መካከል 20፣ በችግኝና በችግኝ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይተዋል። ይህ ከ80,000 በላይ ችግኝ ነው፤ ተከላው ብቻውን ከ20 እስከ 25 ሰው ለአንድ ቀን ይፈልጋል። ወንድሞችዎ ለብቻቸው ቢሞክሩት ሁለት ሳምንት ይፈጅና ማሳው እኩል አይደርስም፤ ለዚህ የቀን ሠራተኛ ክፍያ አስቀድሞ ይመደብ። ማዳበሪያው 50 ኪሎ ኤንፒኤስ በተከላ ጊዜ፣ 25 ኪሎ ዩሪያ ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ ሥር ሲይዝ፣ ግማሹ ከወር ተኩል በኋላ ነው። ውኃ መጀመሪያ በየ4 እና 5 ቀኑ፣ ከዚያ በየሳምንቱ።

ሽንኩርትን የሚጥሉት ሁለት ነገሮች ትሪፕስ የሚባለው ጥቃቅን ነፍሳትና ቅጠሉን ሐምራዊ አድርጎ የሚያደርቀው የፈንገስ በሽታ ናቸው። ትሪፕስ የሚደበቀው በመሐል ቅጠሎቹ ንፍቅ ስለሆነ ከሩቅ አይታይም፤ በሳምንት ሁለቴ ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። አንድን መድኃኒት ብቻ ደጋግሞ መርጨት ነፍሳቱን ያለማምዳቸዋል፤ የግብርና ባለሙያውን ጠይቀው ያፈራርቁ። ሊነሣ 15 ቀን ሲቀረው ውኃ ይቁም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው አንገቱ ሲወድቅ ይነሣና በጥላ ሥር ይጠውልግ፤ ውኃ እየጠጣ ተነቅሎ ትኩሱን በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ ሽንኩርት አዲስ አበባ ሳይደርስ ይበሰብሳል። በደንብ የያዘ ገበሬ ከአንድ ጥማድ ከ40 እስከ 60 ኩንታል ያነሣል፤ ጀማሪ 30 ቢያገኝ አይናቅም።

እርስዎ ደግሞ ከገንዘቡ የሚበልጥ ሥራ አለዎት። አትክልት ተራ ከፒያሳ ከተነሣ በኋላ የጅምላ ገበያው ሃይሌ ጋርመንት ነው። ከየካቲት ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ጧት ሄደው የኪሎውን ጅምላ ዋጋ ይጠይቁና ለወንድሞችዎ ይደውሉ። ማሳ ላይ የሚመጣው ደላላ የሚነግራቸው ዋጋ ያንኑ የሚቃረብ መሆኑን የሚያውቁት በዚህ ብቻ ነው። «በማሳ ይሸጥልን» የሚል ነጋዴ ቢመጣ፣ በግምት ሳይሆን በኪሎ ይመዘን። ዋጋ ሲወድቅ ለመጠበቅ ከመሬት ከፍ ብሎ ነፋስ የሚያልፍበት የእንጨት ቆጥ ቢሠሩ፣ በደንብ የጠወለገው ምርት አንድ ወርም ከዚያም በላይ ይቆይላቸዋል።

ከ60,000 ብሩ 20,000 ብር ለሁለተኛው ዙር ባንክ ይቀመጥ፤ ምንም ቢፈጠር አይነካ። ሽንኩርት አንድ ዓመት ያከስራል፣ ሌላ ዓመት ያካክሳል፤ የሚወድቀው ለሁለተኛው ዓመት ዘር መግዣ ያጣ ሰው ነው። የቀረው ለዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለፓምፕ ኪራይና ነዳጅ፣ ለተከላ፣ ለመድኃኒትና ለከረጢት ይሁን። ወጪውን ሁሉ ታናሹ በደብተር ይጻፍ።

ሁለቱንም በአንድ ማሳ ላይ አያስሩ። ሁለተኛው በ50 የሁለት ወር ቄብ ዶሮዎች ይጀምር፤ ይህም የሚሆነው ከሽንኩርቱ ትርፍ ከተገኘ ነው። ለእነሱ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ቤት ይበቃል። እንቁላል ጣይ ሲሆኑ እያንዳንዷ በቀን 120 ግራም ያህል ትበላለች፤ ስለዚህ 50ዎቹ በቀን 6 ኪሎ መኖ ይፈልጋሉ። ሒሳቡን ከመግዛት በፊት ይሥሩት፦ የ6 ኪሎ መኖ ዋጋ የ35 እንቁላል ዋጋ ከሚያህል በላይ ከሆነ አይጀምሩ። ዶሮን ባንድ ሌሊት የሚጨርሰው ፈንግል ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ በአንድ ቀን መክተብ ይገባል። ከተበጠበጠ በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ፀሐይ አይንካው፤ ብዙ ጊዜ «ከተብኩ፣ ግን አለቁ» የሚባለው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው፤ ከወላይታ መጥቼ ልደታ ሰው ቤት እሠራለሁ። ማታ እማራለሁ፣ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ነኝ። እትዬ ደመወዜን «አጠራቅሜ እሰጥሻለሁ» ብለው ይዘውልኛል። ሙያ ልማር እፈልጋለሁ፤ ስፌት ይሻለኛል ወይስ ምግብ? አንድ የግል ማሠልጠኛ ብዙ ብር ጠየቀኝ። (ከልደታ)

መልስ፦ ማታ እየተማርሽ እዚህ መድረስሽ ቀላል አይደለም፤ 8ኛን ሳትጨርሺ እንዳታቋርጪ አደራ። የከተማ አቀፍ ፈተናው ሰርተፊኬት በኋላ ለሁሉም ነገር ይጠየቅሻል።

በመጀመሪያ ደመወዝሽ። በአዋጅ 1156 የቤት ሠራተኞች አልተሸፈኑም፤ የሚመለከታችሁ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ጥበቃው ያነሰ ስለሆነ ማስረጃሽን ራስሽ መያዝ አለብሽ። እትዬ ክፉ ናቸው ማለታችን አይደለም። ገንዘብ ሰው እጅ ሲከማች፣ በመለያየት ጊዜ «የሰበርሽው ዕቃ» እየተባለ ይቀነሳል፤ ስንት ወር እንደሆነም ይረሳል። ፋይዳ አውጪና ባንክ ሒሳብ ወይም ቴሌብር ክፈቺ፤ ከዚያ «እትዬ፣ ለቤተሰብ የምልከው ስላለኝ ከዚህ ወር ጀምሮ በሒሳቤ ያስገቡልኝ» ብለሽ በትሕትና ጠይቂ። ያለፈውን ደግሞ ከመቼ እስከ መቼ፣ በወር ስንት እንደሆነ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈሽ እንዲፈርሙልሽ አድርጊ። እምቢ ካሉ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች በነፃ ያማክራል።

ሙያውን በተመለከተ ለአንቺ የምንመክረው ምግብ ዝግጅት ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ የምትሠሪው ሥራ ልምድ ሆኖ ይቆጠርልሻል። ስፌት ጥሩ ሙያ ነው፤ ግን ራስሽን ችለሽ ለመሥራት ቀጥ ያለውን ማሽን ብቻ ሳይሆን የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመው ኦቨርሎክም ስለሚያስፈልግ መነሻው ከባድ ነው። ስፌት ከመረጥሽ በእግር የሚረገጠው ሲንጀር ላይ ብቻ የሚያሠለጥን ቦታ አትግቢ፤ ፋብሪካ የሚቀጥርሽ ፈጣኑን የኤሌክትሪክ ማሽን መያዝ ከቻልሽ ነው።

ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት የመንግሥት ኮሌጆችን ጠይቂ፤ እንጦጦና ተግባረ እድ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች አሉ፤ አጫጭር ሥልጠና መቼ እንደሚመዘገብ ማስታወቂያ ሰሌዳቸው ላይ ይወጣል። የግሉን ማሠልጠኛ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቂው። ለዚያ ሙያና ለዚያ ደረጃ የዕውቅና ፈቃድ አለው ወይ (ግድግዳ ላይ ሊያሳይሽ ይገባል)፤ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ፈተና ክፍያ በዋጋው ውስጥ አለ ወይ፤ አንድ ምድጃ ወይም አንድ ማሽን ለስንት ሠልጣኝ ነው። ለአምስት ከሆነ ገንዘብሽን አትስጪ፤ አራቱ ያያሉ እንጂ አይሠሩም። ሲኦሲን በሥራ ላይ ሙያውን የተማረ ሰውም መፈተን እንደሚችል አትርሺ። ለምግብ ዝግጅት ከሚያስወድቁት ዋናው ጣዕም አይደለም። የንጽሕና ቅደም ተከተል፣ ጥሬ ሥጋና አትክልት በአንድ መክተፊያ መክተፍ፣ መለኪያ ሳይጠቀሙ በእጅ መገመት ነው። አንቺ ቤት ውስጥ ሁለት መክተፊያ መለየትን ከዛሬ ጀምሪ።

የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው ገንዘብ መቀበል እንደማይችልም እወቂ። «የመጀመሪያ ወር ደመወዝሽ የኔ ነው» የሚል ካለ ሕጋዊ አይደለም።

ጥያቄ፦ አምስት የአንድ አገር ልጆች ነን፤ ሁላችንም ፒያሳ አካባቢ በተሸካሚነት እንሠራለን። ኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ሥራው ቀንሷል። አገራችን ተመልሰን በማኅበር ተደራጅተን በሬ ልናደልብ አስበናል። ብድር የት ነው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ብድር የምትጠይቁት ተመልሳችሁ በምትኖሩበት ወረዳ ነው፤ አዲስ አበባ ሆናችሁ አገር ቤት ለምትሠሩት ሥራ አይሰጥም። የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በ2009 ዓ.ም በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመው ከ18 እስከ 34 ዓመት ላሉ ነው። የምታውቁት አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) አሁን ፀደይ ባንክ ሆኗል፤ የኦሮሚያው ብድርና ቁጠባ ሲንቄ ባንክ፣ የደቡቡ ኦሞ ባንክ ሆነዋል።

አንዳችሁ ቀድማችሁ ሄዳችሁ የመደራጃውን መስፈርትና የቁጠባ ቅድመ ሁኔታውን ጠይቁ፤ አምስታችሁም ሥራ ጥላችሁ አትሂዱ። በጋራ ዋስትና ከተበደራችሁ አንዱ ጠፍቶ ቢሄድ አራታችሁ ትከፍላላችሁ። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ማኅተምና ቼክ በማን እጅ እንደሚሆን (በአንድ ሰው እጅ ሁለቱም አይሁኑ)፣ የሚወጣ ሰው ድርሻው እንዴት እንደሚሰላ፣ የሌሊት ጥበቃ ተራ እንዴት እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ፈርሙ። ለፋሲካ የሚሸጥ በሬ በጥር መጀመሪያ መገዛት አለበት፤ ድለባው 90 ቀን ይፈጃል። ብድሩ በየካቲት ቢለቀቅ «ተሰጠን» ብላችሁ በሬ አትግዙ፤ ለበዓል ሳይደርስ መኖ ሲበላ ይቆያል፣ ወለዱም ይቆጥራል። እንደተገዛ የጥገኛ ትል መድኃኒት ይሰጠው፤ ሳይሰጠው የሚገዛው ፋጉሎና ፉርሽካ ለትሉ ነው የሚሄደው። ፉርሽካውን ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ በመጀመሪያው ቀን ብዙ የበላ በሬ ሆዱ ይነፋል።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜን አንድ ሰው «በጅቡቲ በኩል ሳዑዲ አስገባሃለሁ፣ እዚያ ስትደርስ ትከፍላለህ» ብሎታል። 17 ዓመቱ ነው። ምን ልበለው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ አትሂድ በሉት፤ ዛሬውኑ። «እዚያ ስትደርስ ትከፍላለህ» ማለት ከኦቦክ ባሕር ተሻግሮ የመን ሲደርስ ታግቶ ለቤተሰቡ ስልክ ይደወላል ማለት ነው፤ የሚጠየቀው ገንዘብም ከመነሻው ከተባለው ብዙ እጥፍ ይሆናል። በሕጋዊ መንገድ ለውጭ አገር ሥራ ዝቅተኛው ዕድሜ 18 ነው። ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን የሚከፍለው አሠሪው ነው፤ ኤጀንሲ ከሠራተኛ የአገልግሎት ክፍያ አይወስድም። ሰውየው ከዚህ የተለየ ካለ፣ የሰዎች ዝውውርን በሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚያስጠይቅ ወንጀል ነው፤ ስልክ ቁጥሩን ይዛችሁ ለፖሊስ አመልክቱ።

ጥያቄ፦ አውቶቡስ ተራ ስወርድ ቦርሳዬ ተሰረቀ፤ የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቴ በውስጡ ነበር። (ከመርካቶ)

መልስ፦ በአቅራቢያዎ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ያመልክቱና የጠፋውን ሰነድ የሚገልጽ ማስረጃ ይቀበሉ። ማስረጃው ላይ የሰነዱ ስም፣ የተፈተኑበት ዓመትና ከተቻለ የመፈተኛ ቁጥርዎ ይጻፍ። ቁጥሩን ካላስታወሱ የተማሩበት ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ አለ፤ ቤተሰብ ሄዶ ጠይቆ በስልክ እንዲነግርዎ ያድርጉ። ከዚያ ማስረጃውን፣ መታወቂያና ፎቶ ይዘው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ዘንድ ምትክ ይጠይቁ። የ8ኛ ክፍልን የሚሰጠው የተፈተኑበት ክልል ትምህርት ቢሮ ነው። ምትኩ ሲደርስዎ ዋናውን ቤት ያስቀምጡ፤ ለሥራ ፍለጋ ቅጂውን ብቻ ይያዙ፣ በስልክዎም ፎቶ አንስተው ያኑሩት።